ያልተፈረመበት ንድፍ፤ የጄምስ ብሩስ ሕይወትና የፍርስራሽ ሥዕሎቹ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያቀናው አውራ ጎዳና ዓባይን ከተሻገረ በኋላ ብዙም ሳይርቅ ዘንዘልማን ያገኛል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚኖረው በዚያ ነው። ሙያዬ የመንገድና የድልድይ ሥራ ይሁን እንጂ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ በዕረፍት ቀኖቼ የዘይት ቀለም ሥዕል በመማር ላይ እገኛለሁ። ለመማሪያ የመረጥሁት የጥንት ሕንፃን ነው፤ ይኸውም ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የአላታ የድንጋይ ድልድይና በጎንደር አፋፍ ላይ የሚገኘውን የእቴጌ ምንትዋብን የቁስቋም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ነው።

ፍርስራሽን መሣል ለመሐንዲስ ከሚገመተው በላይ አስቸጋሪ ነው። እጃችን የለመደው ቀጥ ያለውን መሥመር ነው። የቁስቋምን ግድግዳ በሸራ ላይ ባሰፈርሁ ቁጥር ሳላስበው የጎደለውን ማእዘን እሞላለሁ፤ የዘመመውን አቃናለሁ፤ የወደቀውን ቅስት እዘጋለሁ። ሥዕሉ ሲያልቅም ፍርስራሽ መሆኑ ይቀርና የጥገና ፕላን ይመስላል። የዘይት ቀለም ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ በተርፔንታይን የቀጠነው ቀለም ይቀባል፤ ዘይቱ የበዛው በላዩ ይከተላል፤ ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ የላይኛው ቀለም ከታችኛው ቀድሞ ይደርቅና ውሎ አድሮ ይሰነጣጠቃል። በድንጋይ መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጥላ ጥቁር አለመሆኑን ለመቀበል ብቻ ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ጋር ግንኙነት ያለው የአንድ ታሪካዊ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ በዚህ ትምህርት ላይ ስለ ነበርሁ አሳቤ በጄምስ ብሩስ ላይ አረፈ። ብሩስ በአገራችን የሚታወቀው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ መጥቶ በጎንደር ቤተ መንግሥት የቆየ እስኮትላንዳዊ መንገደኛ በመሆኑ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት ግን ለብዙ ዓመታት የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽ ሲለካና ሲያስነድፍ የኖረ ሰው መሆኑ እምብዛም አይነሣም። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ጄምስ ብሩስ በ1730 በእስኮትላንድ፣ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። በእንግሊዝ አገር በሃሮው ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። ሕግ ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ ግን አልገፋበትም። በ1754 የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አግብቶ በዚያው ዓመት ወደ ፈረንሳይ ሲጓዙ ሚስቱ ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚህ በኋላ ኀዘኑን በጉዞና በቋንቋ ትምህርት ሊረሳ የሞከረ ይመስላል። እስፓኝንና ፖርቱጋልን ዞረ፤ ዐረብኛ ተማረ፤ ግዕዝንም ማጥናት ጀመረ። በ1758 አባቱ ሲሞቱ ርስቱን ወረሰ። በርስቱ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ስለ ነበር፣ በአጠገቡ የተቋቋመው የካሮን የብረት ፋብሪካ የከሰሉ ደንበኛ ሆነ። የብሩስ የኋላ ጉዞ ወጪ ከዚህ የመጣ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፤ ሰውየው የማንም ቅጥረኛ አልነበረም።

በ1762 የእንግሊዝ መንግሥት በአልጄርስ ቆንስል አድርጎ ሾመው። ሹመቱን ያስገኙለት ሎርድ ሀሊፋክስ ከቆንስልነቱ ሥራ ሌላ አንድ ተጨማሪ አሳብ አቅርበውለት ነበር። በሰሜን አፍሪካ ጠረፍና በመሀል አገሩ ታላላቅ የሮማውያን ሕንፃዎች ፈርሰው እንደሚገኙ ከብሩስ በፊት የሄዱ መንገደኞች ጽፈዋል፤ ንድፋቸውን በሚገባ ያነሣ ግን አልነበረም። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛም የሥነ ሕንፃ ፍቅር ነበራቸው። ብሩስ ይህን ሥራ ሊሠራ ቃል ገባ።

ችግሩ ንድፍ አለማወቁ ነበር። ስለዚህ ወደ አልጄርስ በጣልያን በኩል ሲያልፍ በሮም፣ በፍሎረንስና በኔፕልስ እየቆየ የንድፍ ትምህርት ወሰደ፤ የጥንት ቅሪቶችንም ተመለከተ። ከኔፕልስ በስተደቡብ በፔስቱም የሚገኙትን ሦስቱን የግሪክ ቤተ መቅደሶች ለካ። ሮም ሳለ ፖምፔዎ ባቶኒ የተባለው ስመ ጥሩ ሠዓሊ በዘይት ቀለም የብሩስን መልክ ሥሏል፤ ሥዕሉ ዛሬ በእስኮትላንድ ብሔራዊ የመልክ ሥዕሎች ቤት ይገኛል።

በዚያን ዘመን ፍርስራሽ መሣል በሮም ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ፓኒኒ በዘይት ቀለም የሮማን ዓምዶችና ቅስቶች እየሣለ ለባዕዳን ይሸጥ ነበር። ፒራኔዚ በመዳብ ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ ያሳትም ነበር። ኋላ በፍርስራሽ ሥዕል ወደር ያልተገኘለት ፈረንሳዊው ኡቤር ሮቤር ከ1754 እስከ 1765 በሮም ሲማር ቆይቷል። እነዚህ ሁሉ ግን በዘይት ቀለም ሲሠሩ የሚሠሩት በቤታቸው ውስጥ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናትና ሳምንታት ይፈልጋል። በግመል ጀርባ ለሚጓዝ ሰው እርጥብ ሸራ ተሸክሞ በረሃ ማቋረጥ የማይታሰብ ነገር ነው። መንገደኛው በሥፍራው የሚይዘው እርሳስ፣ ቀለም፣ የውሃ ቀለምና ወረቀት ነበር። እኔ የአላታን ድልድይ በሥፍራው እጨርሳለሁ ብዬ በመጀመሪያው ዓመት ያበላሸኋቸው ሸራዎች ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ይተርፉ ነበር።

ብሩስ የንድፍ ድካሙን የሚያቃልልለት አንድ መሣሪያ በለንደን አሠርቶ ነበር። ካሜራ ኦብስኩራ የሚባለው ነው። መሣሪያው ባለ ስድስት ጎን፣ ወርዱ ስድስት ጫማ፣ ጣሪያው ሾጣጣ የሆነ ተጣጣፊ ጨለማ ክፍል ሲሆን፣ ነዳፊው እንደ ጎጆ ውስጡ ገብቶ ይቀመጣል። በመስተዋትና በሌንስ አማካይነት የውጭው ሕንፃ ምስል ተንጸባርቆ በወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ነዳፊውም መሥመሩን ተከትሎ ያነሣዋል። ብሩስ ስለዚህ መሣሪያ ሲጽፍ፣ መጠነኛ የንድፍ ችሎታ ያለው ሰው በዚህ እየታገዘ በአንድ ሰዓት የሚሠራውን ቀልጣፋ የተባለ ነዳፊ ያለ መሣሪያው በሰባት ሰዓት አይሠራውም ብሏል። ለፍርስራሽ እውነትም ተስማሚ መሣሪያ ነው። ከላይ የጠቀስሁትን የማቃናት ልማድ ይከለክላልና፤ ዓምዱ እንደ ዘመመ፣ ግንቡ እንደ ተሸረፈ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ምስልን እንጂ ልክን አይሰጥም። የዓምዱን ዙሪያ፣ የቅስቱን ስፋት፣ በሁለት ዓምዶች መካከል ያለውን ርቀት በገመድና በዘንግ መለካት፣ ፕላኑንና የፊት ገጽታውን በመጣኔ ማውጣት የግድ ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ መጠነኛ ችሎታ አይበቃም፤ ሥነ ሕንፃ የተማረ ሰው ያሻል።

ያ ሰው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ባሉጋኒ በ1737 በጣልያን አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። በቦሎኛው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥነ ሕንፃ ተምሮ ተሸልሟል፤ ከዚያም ወደ ሮም ሄዶ ሥራውን ቀጠለ። ብሩስ ነዳፊ እንዲፈለግለት በሮም ለነበረ ወዳጁ በጻፈው መሠረት ባሉጋኒ ተቀጥሮ በ1765 አልጄርስ ገባ። በዚያው ዓመት ብሩስ የቆንስልነቱን ሥራ አስረክቦ ጉዞ ጀመሩ።

ሁለቱ ሰዎች በዛሬዎቹ አልጄሪያ፣ ቱኒዚያና ሊቢያ የሠሩት ሥራ በማንኛውም ዘመን ሚዛን ከባድ ነው። ላምቤዚስን፣ ቲምጋድን፣ ዱጋን፣ ስቤይትላን፣ የኤል ጀምን ታላቅ አምፊቴአትር፣ ልብዳ የሚባለውን የሌፕቲስ ማግናን ከተማ አዩ፤ ለኩ፤ ነደፉ። አገሩ ሰላም አልነበረምና ብዙውን ሥራ የሠሩት በጠባቂዎች ተከበው ነው። ብሩስ ከትሪፖሊ መጻሕፍቱንና ንድፎቹን ቀድሞ ወደ ሰምርኔስ መላኩ በጀ እንጂ፣ እሱ ራሱ የተሳፈረባት መርከብ በቤንጋዚ አጠገብ ተሰብራ ዋኝቶ ወደ ምድር ከወጣ በኋላ በጠረፉ ሰዎች ተደብድቦ ተገፍፏል። ከዚያ በቀርጤስና በሮድስ በኩል ወደ ሶርያ ተሻግረው በ1767 የፓልሚራንና የበዓልቤክን ፍርስራሽ ነደፉ።

ስለ ፓልሚራ ከተነሣ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከብሩስ ቀደም ብሎ ሮበርት ውድ የተባለ ሰው በ1753 የፓልሚራን፣ በ1757 የበዓልቤክን ፍርስራሽ የሚያሳዩ ሁለት መጻሕፍት አሳትሞ ነበር። ንድፉን የሠራለት ቦራ የተባለ ጣልያናዊ የሥነ ሕንፃ ሰው ሲሆን፣ በሰሌዳዎቹ ግርጌ የነዳፊው የቦራ ስም ታትሟል። እንግዲህ በዘመኑ ወጉ የማይታወቅ አልነበረም።

በ1768 ብሩስና ባሉጋኒ ግብፅ ገቡ፤ በዓባይ ላይ እስከ አስዋን ወጥተው፣ በቀይ ባሕር በኩል ጅዳ ደርሰው፣ በመስከረም 1769 ምጽዋ ላይ ወረዱ። በአክሱም አልፈው በየካቲት 1770 ጎንደር ገቡ። በዚያን ጊዜ በቁስቋም ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ብሩስ ባለው የሕክምና እውቀት የቤተ መንግሥቱን ልጆች አከመ። በዚህም በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በወይዘሮ አስቴር ዘንድ ሞገስ አገኘ፤ የወይዘሮ አስቴር ባል ራስ ሚካኤል ስሑልና ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖትም በመልካም ተቀበሉት። መኖሪያው በቁስቋም ሆነ። የነገሥታቱ ግንብ በዚያን ጊዜም ከፊሉ ፈርሶ እንደ ነበር ብሩስ ጽፏል። እኔ ዛሬ የምሥላቸው ግድግዳዎች ግን ያኔ ጣሪያ ነበራቸው፤ እቴጌይቱም ይኖሩባቸው ነበር።

በ1770 የጸደይ ወራት ብሩስ ከጣና ምሥራቃዊ ዳር በደራ በኩል ወርዶ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አየ፤ የአላታን ድልድይም በመጽሐፉ ጠቅሶታል። በጦርነቱ ምክንያት ከዚያ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በኅዳር በሐይቁ ምዕራብ በኩል ዞሮ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩን በማየት የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ። እውነቱ ግን ስፔናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን አይቶ ጽፎ ነበር። ፓኤዝ ለሙያችን ባዕድ አይደለም፤ ለንጉሡ በጎርጎራ ቤተ መንግሥት ያሠራ፣ ሠራተኞችን መዶሻና መሮ አሠራር ያስተማረ ሰው ነው። ብሩስ የፓኤዝን ምስክርነት በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ገጽ ሰጥቶ ሊያስተባብል ደክሟል።

የፓኤዝ ነገር ከሙግት ይቆጠር፤ ሙግት በግልጽ ይደረጋልና መልስ ይገኝለታል። የባሉጋኒ ነገር ግን ሌላ ነው። ባሉጋኒ በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ከብሩስ ጋር ነበረ። በየቀኑ የተጓዙበትን መንገድ በጣልያንኛ መዝግቧል። በጎንደርም የአየሩን ሁኔታ እየተከታተለ ይጽፍ ነበር፤ ምዝገባው እስከ 1771 መጀመሪያ ይደርሳል። በዚያው ዓመት በ33 ዓመቱ በተቅማጥ በሽታ ጎንደር ውስጥ ሞተ። ብሩስ ኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ግን ነዳፊው ከቀድሞ ጀምሮ የታመመ እንደ ነበረና ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገቡ ወዲያው እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። በዚህ አኳኋን በምንጩ ራስ ላይ ብሩስ ብቻውን ቆመ።

ስለ ንድፎቹም እንዲሁ ነው። ብሩስ በመጽሐፉ መቅድም ባሉጋኒ ከሮም ሲላክለት እምብዛም የማያውቅ ልጅ እንደ ነበረ፣ በእሱ ሥር ሠልጥኖ ረዳት እንደ ሆነ ይተርካል። በአካዳሚ የተሸለመውን የሥነ ሕንፃ ሰው፣ በጉዞ ላይ ለወራት ትምህርት የወሰደው ባለ ርስት አስተማረው ማለት ነው! ጠበብት የሁለቱን እጅ አስተያይተው በንድፎቹ ውስጥ የላቀው ሥራ የባሉጋኒ መሆኑን መስክረዋል።

ከኢትዮጵያ የተገኙት ሥዕሎች አብዛኞቹ የሕንፃ አይደሉም፤ የዕፅዋትና የእንስሳት ናቸው። የዓምድ ራስ ቅጠልን መንደፍ የለመደው እጅ እዚህ እውነተኛውን ቅጠል ነደፈ። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ቁልቋል፣ እንሰት፣ ጤፍ በመጽሐፉ ሰሌዳዎች ላይ እያንዳንዳቸው ከነአገርኛ ስማቸው ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ዋጊኖስ ሲሆን ብሩስ ከተቅማጥ የዳነበት መድኃኒት መሆኑን ራሱ ጽፏል፤ ሳይንሳዊ ስሙም እስከ ዛሬ በብሩስ ስም ይጠራል። ነዳፊው የሞተው በዚያው በሽታ ነው። በሰሌዳዎቹ ግርጌ ላይ የቀራጩ የሂዝ ስም አለ፤ የባሉጋኒ ግን የለም። የዕፅዋቱን ስም የነገሩት የአገራችን ሰዎች ስማቸው ባይጻፍም ቃላቸው ተጽፏል፤ ለባሉጋኒ ይህም አልቀረለት።

ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስት ወር የደከምሁበት የድልድይ ንድፍ፣ ነዳፊ በሚለው ሣጥን ውስጥ የሌላ ሰው ስም ሰፍሮበት ወጥቶ ነበር። ድልድዩ ቆሟል፤ ጭነትም ይሸከማል። በዚያን ጊዜ የተሰማኝን እዚህ ማስፈር አያስፈልግም፤ በዚህ መጽሔት አንባብያን መካከል ይህ ያልደረሰበት ጥቂት ይመስለኛልና። የጠቀስሁት የብሩስን መጽሐፍ ሳነብ ከሁሉ አስቀድሜ የሰሌዳውን ግርጌ የማየው ስለ ምን እንደ ሆነ ለመግለጽ ያህል ነው።

ለብሩስም ፍርድ መጓደል የለበትም። ሥፍራውን የመረጠ፣ ወጪውን የቻለ፣ ከገዥዎች ፈቃድ ያገኘ፣ በገመዱና በዘንጉም አብሮ የለካ እሱ ነው። ንድፎቹን ከሞት ያወጣም እሱ ነው። በታኅሣሥ 1771 ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ሲመለስ የኑብያን በረሃ አቋርጧል። በኅዳር 1772 አስዋን ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግመሎቹ አለቁ፤ ወረቀቶቹን፣ ንድፎቹንና የመለኪያ መሣሪያዎቹን በአሸዋ ላይ ጥሎ በቆሰለ እግሩ ነፍሱን አተረፈ። አስዋን እንደ ደረሰ ግን ከማረፍ ይልቅ አዲስ ግመሎች አግኝቶ ወደ በረሃው ተመለሰ፤ ንብረቱንም ሳይነካ አገኘው። ዛሬ ስለ ባሉጋኒ የምናውቀው በዚያች የመመለስ ውሳኔ ምክንያት ነው። ስሙን የደበቀው ሰው እጁን ከአሸዋ አወጣለት። ይህን ሁለት ነገር አንድ ላይ መያዝ ያስቸግራል፤ ግን ሁለቱም እውነት ናቸው።

ለንደን በ1774 ሲገባ በመጀመሪያ ተደነቀ፤ ጥቂት ቆይቶ ተሣቀበት። ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ጎንደር ሕይወት የተናገረውን ብዙዎች አላመኑትም። ሎቦ የተባለውን ፖርቱጋላዊ ቄስ ስለ አገራችን የጻፈውን በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ታዋቂው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ሳይቀር ተጠራጠረው። የሰሜን አፍሪካን የፍርስራሽ ንድፎች በትልልቅ ጥራዝ አድርጎ ለንጉሡ አበረከተ። ከዚያ ወደ ኪኔርድ ሄዶ በ1776 ሁለተኛ ሚስት አገባ። ሚስቱ በ1785 ሞተች። ወዳጆቹ ባደረጉት ግፊት መጽሐፉን ጽፎ በ1790 በአምስት ጥራዝ አሳተመ። ለኢትዮጵያ ታሪክ ያለው ጥቅም የታወቀ ነው፤ ወደ አውሮፓ የወሰዳቸው የግዕዝ መጻሕፍትም፣ በተለይ መጽሐፈ ሄኖክ፣ ለሊቃውንቱ ትልቅ ሀብት ሆነዋል።

በበረሃና በባሕር ያልሞተው ሰው በሚያዝያ 1794 በገዛ ቤቱ አንዲት እንግዳ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከደረጃው ላይ ወድቆ ሞተ።

ከሞተ በኋላ አሌክሳንደር መሬይ የተባለ ምስኪን የእረኛ ልጅ፣ ግዕዝን በራሱ ጥረት የተማረ እስኮትላንዳዊ ሊቅ፣ የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም እንዲያዘጋጅ ተመረጠ። መሬይ በኪኔርድ ተቀምጦ የብሩስን ወረቀቶች ሲያገላብጥ በጣልያንኛ የተጻፈውን የግሽ ዓባይ ጉዞ መዝገብ አገኘ፤ እጁ የባሉጋኒ ነበር። ባለቤቶቹን ላለማስከፋት ሊደብቀው ይችል ነበር፤ አልደበቀውም። በ1805 የታተመው እትም ነገሩን ለአንባቢ ገለጠ።

ፍርስራሾቹን የሚያሳዩት ታላላቅ ንድፎች ዛሬ በእንግሊዝ ነገሥታት ስብስብ በዊንድዘር ይገኛሉ። ፕሌይፌር የተባለው በአልጄርስ የእንግሊዝ ቆንስል በኪኔርድ የቀሩትን ንድፎች ይዞ የብሩስን መንገድ ተከትሎ ከሄደ በኋላ መጽሐፍ ያሳተመው በ1877 ነው። የዕፅዋቱ ሥዕሎች በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማእከል ተቀምጠዋል። በ1991 ሦስት ሊቃውንት እነዚህን የኢትዮጵያ ዕፅዋት ሥዕሎች መርምረው መጽሐፍ ሲያወጡ በርእሱ ላይ የጻፉት ስም የሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ይህም የሆነው ጎንደር ላይ በሞተ በ220 ዓመቱ ነው።